አሥራ አራቱ የብዙአየሁ እንሰቶች

ብዙአየሁ ከሐይቁ ስትመለስ አባ ኮዳ ይከተላታል። ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት የተንጠለጠለበት፣ ሲቆም ጡረታ የወጣ ሽማግሌ የሚመስለው ያ ትልቁ አሞራ። አሞራ ገደል በሚባለው የአዋሳ ዓሣ ገበያ ዓሣ የሚበልቱ ሰዎች የጣሉትን አንጀትና ጭንቅላት በጆንያ ሞልታ፣ ጆንያውን በጀርባዋ አዝላ ወደ ሰፈራችን ታቦር በእግሯ ትመጣለች። ስለሚሸት ባጃጅ አይጭናትም። የገዛ ልጇ ኦሊያድ እንኳ ባጃጁ ላይ አያወጣትም። እሷ በመንገዱ ዳር፣ አሞራዎቹ ከበላይዋ፤ አንዳንዴም ሁለት ሦስቱ ወርደው ከኋላዋ እንደ ሰው እየተራመዱ ይመጣሉ።

«የኦሊያድ እናት፣ አጃቢ አበዛሽ!» ይሏታል ባጃጅ ተራ የሚቆሙት ልጆች።

«እናንተን የሚያጅብ ስለጠፋ ቀንታችሁ ነው» ትላለች ሳትዞር።

ስለ እሷ የምጽፈው ትልቅ ሰው ስለሆነች አይደለም። ጎረቤቴ ናት። ከእሷ ጋር አጥር በሚጋራ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ መኖር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እኔ ብዙ ነገር ተውኩ። እሷ ምንም ስትተው አላየሁም።

ከታቦር ተራራ የሚወርደው የጎርፍ ቦይ ሰፈራችንን ሰንጥቆ ያልፋል። በቦዩና በብዙአየሁ አጥር መካከል ርዝመቱ አርባ እርምጃ፣ ስፋቱ ስምንት እርምጃ የሚሆን ቁራጭ መሬት አለ። የማንም አልነበረም፤ የማንም ስላልነበረ ሁሉም ቆሻሻውን ይጥልበት ነበር። የሕፃን ዳይፐር፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ የሞተ ድመት። ብዙአየሁ አንድ በጋ ሙሉ ለቀመችው። ማንም አላገዛትም፤ እኔም አላገዝኳትም። ስትጨርስ እጇ በጠርሙስ ተቆራርጦ ነበር። «አሁን የሚጥል ሰው እጁን ላግኘው» ብላ በመሬቱ ዙሪያ የቀርከሃ አጥር አጠረች።

በመጀመሪያው ዓመት ጎመን ዘራች። ውሃ የቀዳችው ከቦዩ ነው፤ ቧንቧ እንደሆነ በሳምንት ሁለት ቀን ብቅ ብሎ የሚጠፋ ነው። ከላይ በኩል ላቫጆ እንዳለ፣ የመኪና እጣቢው ወደ ቦዩ እንደሚወርድ ታውቃለች። ግን ውሃው ለዓይን ንጹሕ ነበር። ጎመኑም ጉድ እስኪባል ለመለመ፤ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያየው ነበር። የመጀመሪያውን ቅጠል ቀቅላ ስትቀምሰው ግን ናፍጣ ናፍጣ አላት። በማግስቱ ሙሉውን ነቅላ ቀበረችው።

«እብድ ናት» አለ ሰው።

«ብሸጠው ማንም አያውቅም ነበር» አለችኝ በኋላ። «እኔ ግን አውቃለሁ። እያወቅኩ እንዴት ለልጅ አበላለሁ?»

ከዚያ ወዲህ የጣሪያ ውሃ በበርሜል ታጠራቅማለች። በበጋ እኛ ልብስ ያለቀለቅንበትን ውሃ በባልዲ ትሰበስባለች። ኦሞ የበዛበትን አፍንጫዋን አስጠግታ አሽትታ ትመልሳለች። ጎመኑም ቆስጣውም ከዚያ በኋላ የሰው ሆነ። በወረርሽኙ ጊዜ፣ ሥራ የጠፋ ሰሞን፣ በዚያ ቁራጭ መሬት ጎመን የከረምን ቤቶች እንቆጠር ብንል ትንሽ አንሆንም። እኔ አንዷ ነኝ።

እንሰቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አባቷ ሞቱና በሲዳማ ደጋ ወዳለው ሁላ ለቅሶ ሄደች። ከቀብሩ በኋላ ወንድሞቿ መሬቱን ተካፈሉ። ለእሷ የደረሳት አልነበረም፤ ከተማ ያገባችን ሴት ማንም አላሰባትም። አልጮኸችም። ዶማ አንስታ ጓሮ ገብታ፣ እናቷ ካፈሏቸው ችግኞች ውስጥ አሥራ አራቱን ነቅላ በኮባ ጠቀለለች። ወንድሞቿ «አዋሳ ወስደሽ የት ልትተክዪው ነው? አስፋልት ላይ?» ብለው ሳቁ። «ድርሻዬ ነው፤ የትም እተክለዋለሁ» አለቻቸው። በአውቶቡስ ጣሪያ ጭና አመጣቻቸው። በቦዩ ዳር በሁለት ረድፍ ተከለቻቸው።

እንሰት ቸኩሎ አይደርስም። ዓመት ሲሄድ ዓመት ሲመጣ ቆሞ ይወፍራል። እሷም ቆማ ጠበቀችው። ፍልፈል ሥሩን ሲበላባት ወጥመድ ሠራች። በዓል በመጣ ቁጥር ዳቦ የሚጋግር ሰው ሁሉ በጓሮ በኩል ገብቶ ኮባ ይቆርጥባት ነበር። በመጨረሻ ራሷ ለዓውደ ዓመት ዋዜማ ቆርጣ፣ በአጥሩ ላይ ደርድራ «ይኸው ውሰዱ፣ ግንዱን ግን አታቁስሉብኝ» ማለት ጀመረች። አምና ክረምት ቦዩ ሞልቶ በሁለቱም ወገን ሲፈስ፣ ከማዶ ያለው አጥር ከነመሠረቱ ሄደ። በእኛ በኩል አፈሩ አልተነሳም። እንሰቶቹ ሥራቸውን ሰድደው ይዘውት ነበር። ያን ቀን ማንም አመሰግናለሁ አላላትም፤ እኛም የዳንነው በምን እንደሆነ አላሰብንም።

ችግሩ የጀመረው ዘንድሮ ጥር ላይ ነው። ጥፋቱም የራሷ ነው፤ ይህን እሷም አትክድም። ለእንሰቱ ማዳበሪያ የምታመጣውን የዓሣ አንጀት ሁልጊዜ በጥልቅ ቆፍራ፣ አመድ ደፍታ ነበር የምትቀብረው። ጥር ላይ ወገቤን አሞኛል ብላ ጉድጓዱን አሳጠረች። አባ ኮዳዎቹ አሸተቱት። በማግስቱ ሰባት ሆነው መጥተው እየጫሩ አወጡት። ሲጠግቡ ለመቀመጫ የመረጡት ደግሞ የአቶ ክብሩን ጣሪያ ነው። አቶ ክብሩ የሰፈሩ የልማት ኮሚቴ ሊቀ መንበር ናቸው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ኮብልስቶኑን ያስነጠፉ፣ መብራቱን ያስተከሉ፣ ክፉ የማይባሉ ሰው። አሞራዎቹ ሦስት ሳምንት ከጣሪያቸው አልወረዱም።

ስብሰባ ተጠራ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የዕድሩ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰብን።

«ወይዘሮ ብዙአየሁ፣ የምንኖረው ከተማ ነው» አሉ አቶ ክብሩ። «የጣሪያዬን መልክ አይተውታል? ኖራ የተቀባ ነው የሚመስለው። ዲሹ ላይ ሲቆሙበት ቴሌቪዥኑ ይጠፋል። ዜና መሃል!»

ሰው ሳቀ። እሳቸውም ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም።

«የአሞራው ጥፋት የኔ ነው» አለች ብዙአየሁ ተነሥታ። «ጉድጓዱን አሳጥሬ ቆፈርኩ። ከእንግዲህ ጥልቅ አደርገዋለሁ። ጣሪያዎንም ወጥቼ አጥብልዎታለሁ።»

«እርስዎን ጣሪያ ላይ አውጥቼ ምን ልባል ነው? እሱን ይተዉት።» አንድ ወረቀት ዘረጉ። ቦታው ሊጸዳ፣ ሣርና አበባ ሊተከልበት፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር ሊቀመጥበት ነው። በወረቀቱ ላይ በቀለም ተሥሏል። ያምራል። እንሰት ግን የለበትም።

«እንሰቶቼስ?» አለች።

«ይቆረጣሉ። ግብርናማ አልተከለከለም። እርስዎስ ሥልጠና ወስደው የለም እንዴ? በጎማ፣ በጆንያ፣ በባልዲ ሰላጣ ይትከሉ። ንጹሕ ነው፣ ያምራል።»

እውነት ነው፣ የከተማ ግብርና ሥልጠና ሁለት ቀን ወስዳ ኮፍያና የምስክር ወረቀት ተሰጥቷታል። ኮፍያውን ለፀሐይ ታደርገዋለች።

«ሰላጣ ያጠግባል አቶ ክብሩ?»

«ቫይታሚን አለው።»

«እርስዎ ዛሬ ምሳዎን ቫይታሚን ነው የበሉት?»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እሷ ግን አልሳቀችም። «አምስት ዓመት ነው የጠበቅኩት። አንድ ዓመት ነው የቀረው። ከአባቴ ቤት ያገኘሁት እሱን ብቻ ነው። ሰላጣ ፀሐይ ስትበረታ ከቁርስ እስከ ምሳ አይቆይም። እሱን ባልዲ ውስጥ ይዤ የምጫወት ልጅ አይደለሁም።»

«ድምፅ እንስጥ» አሉ አቶ ክብሩ።

እጅ ወጣ። የቤቴ አከራይ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፤ የእሱ እጅ ሲወጣ የእኔም ወጣ። ምን ላድርግ ብዬ ነው ያነሳሁት። ሁልጊዜም እንደዚያ ብዬ ነው የማነሳው። የሁለት ሳምንት ጊዜ ተሰጣት።

በማግስቱ ልጠይቃት ሄድኩ። ጓሮዋን ትጠርጋለች።

«እጅሽን አይቼዋለሁ ሙሉዬ» አለችኝ ቀና ሳትል።

«አከራዩ አጠገቤ ነበር።»

«እሱንም አይቼዋለሁ። በይ ነይ፣ ይህን ጆንያ ያዢልኝ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያ ሳምንት እንሰቱ እንዳይቆረጥባት ልታመለክት ወደ ከተማ ግብርና ቢሮ ሄደች። ከአንድ መስኮት ወደ ሌላ መስኮት ሲመልሷት ውለው በመጨረሻ አንዲት ወጣት ኮምፒውተሯን አይታ «እንሰት በከተማ ሰብሎች ዝርዝር ውስጥ አልገባም፤ ያልገባ ነገር ላይ ማመልከቻ አንቀበልም» አለቻት።

«አንቺ ልጄ፣ ምሳሽን ቆጮ አልበላሽም?»

«በልቻለሁ።»

«እና ዝርዝርሽ ውስጥ የሌለ ነገር እንዴት ገባልሽ?» ብላት ወጣች።

ኦሊያድ ምሳ ሊበላ ሲመጣ ለመናት። «እማ፣ ተይው በናትሽ። ተራ ላይ ቆሜ አላስቆም አሉኝ። ሰው ይስቅብናል።»

«ይሳቅ። ሲስቅ ውሎ ይርበዋል፤ ያን ጊዜ ይመጣል።»

የመጀመሪያዋ የመጣች ግን ያልጠበቅናት ናት። የአቶ ክብሩ ባለቤት ሩሀማ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሸፍና፣ በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ጠዋት በሩን አንኳኳች። ልጇ ሶልያና ወልዳ አሥር ቀኗ ነው። ለአራስ ደግሞ በእኛ አገር ቡላ የሚያክል የለም። ገበያ ያለው ቡላ ዱቄት ይቀላቀልበታል፤ ሩሀማ ሁለት ጊዜ ገዝታ ሁለት ጊዜ ደፋችው።

«እንሰቱ መቆረጡ ካልቀረ... ንጹሕ ቡላ ትሸጪልኛለሽ ወይ ብዬ ነበር» አለች እየፈራች።

ብዙአየሁ ከላይ እስከ ታች አየቻት። እኔ ታባርራታለች ብዬ ነበር።

«አልሸጥም። ሰኞ ጠዋት ነይና አብረሽ ፋቂ። የፋቅሽውን ትወስጃለሽ።»

ሩሀማ ስትወጣ፣ ብዙአየሁ በቀጥታ ወደ ማዕዘኑ ሱቅ ሄደች። ባለሱቋ ኡሙልኸይር የስልጤ ልጅ ናት፤ እንሰት በልጅነቷ ፍቃ ያደገች። የሁለቱ ክርክር ሰፈሩን የሚያዝናና ነው፤ አንዷ የሲዳማው ቆጮ ይበልጣል፣ ሌላዋ የስልጤው ይበልጣል ሲሉ ስንት ዓመታቸው።

«ኡሙ፣ ሰኞ እፍቀዋለሁ።»

«ሳይደርስ? ግማሹን እንኳ አይሰጥሽም!»

«ወንድ በመጥረቢያ ጨፍጭፎ ቦይ ከሚጥልብኝ ግማሹ ይሻለኛል።»

የኡሙልኸይር ፊት በራ። «ቆይ፣ እኛ እየፋቅን ወንድ የት አባቱ ይገባል?»

«እኔም እሱን ነው ያልኩት» አለች ብዙአየሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴት እንሰት ስትፍቅ መሬት ላይ ትቀመጣለች። ሳንቃው ከፊቷ በሰያፍ ይቆማል። የእንሰቱን ልባጭ፣ ከግንዱ የተገነጠለውን ወፍራም ሽፋን፣ ሳንቃው ላይ አድርጋ አንድ እግሯን ወደ ላይ አንሥታ በተረከዟ ትይዘዋለች፤ በሁለት እጇ ደግሞ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ቀሚሷ ጉልበቷ ላይ አይቆይም። ስለዚህ እንሰት በሚፋቅበት ቦታ ወንድ አይደርስም። ባልም ቢሆን፣ ልጅም ቢሆን፣ ሽማግሌም ቢሆን። በገጠር ማንም ለማንም ይህን አያስረዳም። ከተማ ገብተን የረሳን ነበር የሚመስለኝ።

ሰኞ በጠዋት አሥራ አንድ ሴቶች ሆንን። እኔ መፋቅ አልችልም፤ ጭማቂው በሚፈስበት ላይ ኮባ እያነጠፍኩ አገለግላለሁ። ብዙአየሁ የመጀመሪያውን እንሰት ራሷ ጣለችው። ሲወድቅ እጇን ግንዱ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆመች። ከዚያ «በሉ እንግዲህ!» አለች። አሥር እግር ወደ ሳንቃው ወጣ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ኩማ መጣ። ኩማ ኮሚቴው ቦታውን እንዲያጸዳ የቀጠረው ሰው ነው፤ ሦስት ሠራተኞችና መጥረቢያዎች ይዟል። የአጥሩን በር ገፋ አድርጎ አንድ እግሩን አስገባ፤ እኛን ሲያይ እሳት እንደነካው ሰው ወደ ኋላ ዘሎ ፊቱን ወደ ቦዩ አዞረ። ሦስቱም አብረውት ዞሩ።

«እናቶች፣ እንደምን አደራችሁ?» አለ ጀርባውን ሰጥቶን።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ከየት ነህ?» አለች ብዙአየሁ።

«ከቡሹሎ።»

«እናትህ ትፍቃለች?»

«ትፍቃለች እንጂ።»

«ስትፍቅ ትገባለህ?»

«ኧረ በጌታ!»

«እንግዲያው ቁጭ በል።»

«መቼ ነው የምትጨርሱት?»

«እንሰቱ ሲያልቅ።»

ኩማ አንገቱን ሳያዞር በጣቱ ከኋላው ያሉትን ግንዶች ለመቁጠር ሞከረና ተወው። አራቱም ቦዩ ጠርዝ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ ጀርባቸው ወደ እኛ።

ጥቂት ቆይቶ አቶ ክብሩ ወረቀታቸውን ይዘው ደረሱ። «ምን ትጠብቃላችሁ? ግቡ እንጂ!»

«አይገባም ጋሼ» አለ ኩማ።

«ለምን?»

«ሴቶች እየፋቁ ነው።»

«ቢፍቁስ? ዛሬ ይጸዳል ተብሎ ተፈርሟል እኮ!»

«እንግዲህ የፈረሙት ይግቡ። እኛ አልፈረምንም።»

አቶ ክብሩ ተናደዱ። የቀርከሃውን በር ገፍተው አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ ገቡ።

«ክብሩ! እዚያው ቁም!»

ድምፁን ሰምተው አንድ እግራቸው አየር ላይ ቀረ። ሩሀማ ናት፤ በሁለተኛው ሳንቃ ጀርባ፣ ፀጉሯን በሻሽ አሥራ፣ እስከ ክርኗ በእንሰት ጭማቂ ተነክራ።

«ሩሀማ? አንቺ... እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ቡላ!»

«ቡላ ገበያ ሞልቶ የለም?»

«ገበያ ያለው ዱቄት ነው! አራስ ልጅህን ዱቄት ላብላት? ውጣ፣ ዓይንህን ጨፍንና ውጣ!»

አቶ ክብሩ ዓይናቸውን በወረቀቱ ሸፍነው ወጡ። ሲወጡ የበሩ ቀርከሃ ኮታቸውን ያዛቸው፤ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ሲታገሉ ኩማ ነው ያላቀቃቸው። ኡሙልኸይር ከሳቋ የተነሣ መፋቂያውን ጣለችው።

«እንደዚህ ያለ ስብሰባ ብትጠሩ ሁልጊዜ እመጣ ነበር!» ብላ ጮኸችባቸው።

ብዙአየሁ ቸኩላ ብትፍቅ በሦስት ቀን ይጠናቀቅ ነበር። አልቸኮለችም። በቀን አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ትጥላለች። ኩማም ሰዎቹን ይዞ ጠዋት ጠዋት እየመጣ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል። በሦስተኛው ቀን አሚቾ፣ የእንሰቱን ሥር፣ ቀቅለን፣ በኮባ ጠቅልለን፣ በአጥሩ ላይ አቀበልናቸው። በአራተኛው ቀን መቀመጥ ሰልችቷቸው ቦዩን መጥረግ ጀመሩ። ስንት ዓመት በደለል የተሞላው ቦይ ያኔ ተከፈተ። በየቀኑ የሚመጡት ሴቶች በዙ። ከአዲስ ከተማ ሰፈር እንኳ ሰምተው የመጡ ነበሩ፤ ሴት ልጆቻቸውን «እናታችሁ ስትሠራ እዩ» እያሉ። ከተማ ተወልደው ሳንቃ አይተው የማያውቁ ልጃገረዶች እግራቸውን ሲያነሡ ወደ ኋላ እየወደቁ አሳቁን።

ጨመቅን፣ ቡላው በውሃ ስር ነጭ ሆኖ ዘቀጠ። ቆጮውን ግን እስኪቦካ የት እንቅበረው? ጉድጓዱ ይሸታል ብለው ሁለት ጎረቤቶች አጉረመረሙ፤ ውሸታቸውንም አይደለም፣ ይሸታል። ብዙአየሁ በራሷ ግቢ፣ ከመኝታ ቤቷ መስኮት ሥር ቆፈረች። «መጀመሪያ የሚሸተው እኔን ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ የተናገረ የለም።

ለመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት አራት ግንዶች ቀርተው ነበር። እነሱን ከመሬቱ ስንዝር አስቀርታ ቆረጠቻቸው። ሥሩን አላወጣችም። በቢላዋ መሃሉን፣ ነጩን ቡቃያ ፈልፍላ አወጣች፤ በቀዳዳው ፍግና አፈር ሞላችበት፤ ከላዩ አፈር መለሰችበት።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«መሃሉ ካለ አንድ ሆኖ ያድጋል። መሃሉ ከወጣለት በዙሪያው ይበቅላል። እናቴ ከአንዱ ስድሳ ታወጣ ነበር።»

«ብዙዬ፣ ነገ እኮ ሣር ሊተክሉበት ነው። አያበቅሉሽም። ይብቃሽ፣ ደከመሽ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። «ደክሞኛል» አለች። «ደክሞኝም ነው የምቀብረው።»

በማግስቱ ኩማና ሰዎቹ ገቡ። አስተካከሉ፣ ሣር ዘሩ፣ አበባ ተከሉ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር አቆሙ። አቶ ክብሩ የመጀመሪያ ሆነው ተቀመጡበት፤ ፎቶም ተነሡ። ብዙአየሁ በአጥሯ በኩል አየቻቸው። ሣሩን በበርሜሏ ውሃ ጠዋትና ማታ ታጠጣው ጀመር። አቶ ክብሩ «ልቦና ሰጣት» አሉ። እኔም እውነት መስሎኝ አዘንኩ።

የበልግ ዝናብ ከወረደ በኋላ፣ ግንቦት ላይ፣ ሣሩ በአራት ቦታ አበጠ። መጀመሪያ እንደ ጣት የሾሉ ቀያይ ጫፎች ብቅ አሉ። በሁለት ሳምንት ቅጠል ፈቱ። አበባዎቹ በእንሰት ችግኝ ተከበው የሰርግ አጃቢ መሰሉ። ሰው ቁጭ ብሎ ቆጠራቸው፤ ከመቶ ስልሳ በላይ ሲደርስ ተጣሉበት።

አቶ ክብሩ ቀይ ብዕር ደረት ኪሳቸው ላይ ሰክተው መጡ።

«ወይዘሮ ብዙአየሁ! ተቆርጦ ነበር እኮ!»

«የበቀለው እኮ ስለተቆረጠ ነው።»

«ኮሚቴውን እሰበስባለሁ። ነገ ይነቀላል!»

«ይነቀል» አለች። «ግን አንድ በአንድ ይሁን፣ እንዳታጎድሉ። ለኡሙልኸይር አራት ሰጥቻለሁ፤ ከሱቁ ጀርባ ነው። ከማዶ አጥሩን ጎርፍ ለወሰደበት ሰውዬ አሥር፤ በቦዩ ዳር ደርድሯቸዋል። በዚህ መስመር ሰባት በር አለ፤ በሰባቱም ተተክሏል። ስትነቅሉ ከእርስዎ በር ጀምሩ። ሩሀማ ሦስት ተክላለች፤ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ።»

አቶ ክብሩ ወደ ቤታቸው ዞር ብለው አዩ። ሩሀማ በሩ ላይ የልጅ ልጇን ታቅፋ ቆማለች። ሕፃኗ ወፍራለች፤ የሶልያናን ጡት ወተት ያበዛላት ያ ቡላ ነው ብላ ሩሀማ ለማይሰማት ሁሉ ታወራለች።

«አሞራውስ?» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ቀንሶ።

«አሞራውን ለእኔ ተዉት። ጉድጓዱ የሰው ቁመት ያህል ይሆናል። ጣሪያዎን ደግሞ ኦሊያድ ቅዳሜ ያጥብልዎታል፤ ነግሬዋለሁ።»

«እኔን መች ጠየቅሽኝ?» አለ ኦሊያድ ከባጃጁ ውስጥ።

«አሁን ሰማህ አይደል።»

ስብሰባው እስካሁን አልተጠራም። ኩማን እንዲያርም ልከውት ነበር፤ መጥቶ ሣሩን አረመና ለእናቱ ሁለት ችግኝ ለምኖ ሄደ። አንድ ቀን ደብዳቤ ሊመጣ ይችላል፤ ትልቅ መንገድም ሊመጣ ይችላል፤ ቦታው ዛሬም በወረቀት የማንም አይደለም። ብዙአየሁ ይህን ታውቃለች። ሲመጣ ሴቶቹን እንደምትጠራ፣ ሳንቃዎቹም የት እንደተቀመጡ ታውቃለች።

እኔም አንዱን በተከራየሁት ክፍል በር ላይ ተከልኩ። አከራዩ ባለፈው ቆሞ አየው።

«ምንድነው ይሄ?»

«እንሰት።»

«መቼ ነው የሚደርሰው?»

«በአምስት ስድስት ዓመት።»

«እስከዚያ እዚህ እኖራለሁ ብለሽ ነው?»

ድሮ ቢሆን እነቅለዋለሁ እለው ነበር። «እንጃ» አልኩት። «እሱ ግን ይኖራል።»

ዛሬ ጠዋት በር ላይ ተቀምጬ ስጽፍ ብዙአየሁ ጆንያዋን አዝላ በኮብልስቶኑ ስትወጣ አየኋት። ከኋላዋ ሁለት አባ ኮዳዎች ይራመዳሉ።

«ሙሉዬ!» ብላ ተጣራች ከሩቅ። «ቁጭ ብለሽ ምን ትሞነጫጭሪያለሽ? አካፋውን ይዘሽ ነይ፤ የዛሬው ጉድጓድ ጥልቅ ነው።»